አለ፣ ግን አልተገኘም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤን ከብዶኝ ነው የዋለው። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ የምጠቁመው ነገር የለም። ክረምት ሲሆን ደሴ እንዲህ ታደርጋለች፤ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ፒያሳን ይውጣታል፣ ሰዉም አንገቱን ቀብሮ ዝም ይላል። እኔም ዝም ብዬ የሰው ስም የሚመዘገብበትን ፕሮግራም አዲሱን ቢልድ፣ ከኮዱ እንደገና የተሠራውን፣ ስፈትሽ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለ። እዚያ ያለው ማሽን ላይ ጭኖት ኖሯል።

«እታለም፣ እምቢ አለኝ እኮ! ገና ስከፍተው ላይብረሪው የለም ይለኛል። ፋይሉ ግን ይኸው፣ እያየሁት ነው።»

ሶፍትዌር ከሶርስ፣ ከተጻፈው ኮድ፣ ቢልድ አድርጎ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህቺን እሮሮ ያውቃታል። ላይብረሪው፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠራው የተዘጋጀ ኮድ ያለበት ፋይል፣ ዲስኩ ላይ አለ፤ ዩዝር ሎካል ሥር ሊብ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሎደር ግን ዲስኩን ሁሉ አያስስም። የሚያያቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ አድራሻ፣ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚባለው ቫሪያብል (ተጠቃሚው ራሱ የሚጽፈው የፎልደር አድራሻ)፣ ኤልዲኮንፊግ አስቀድሞ ያዘጋጀው የስም መዝገብ፣ ከዚያ የሲስተሙ የራሱ ፎልደሮች። አዲስ ላይብረሪ ገብቶ ኤልዲኮንፊግ እንደገና ካልተጠራ መዝገቡ የድሮው ነው። ስሙ አልሰፈረማ! ስለዚህ ለሎደሩ የለም።

«ኤልዲኮንፊግን በሱዶ ጥራው» አልኩት፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለቴ ነው። ጠራው፣ ተነሳለት። «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ሊዘጋ ሲል ቴስቱንም እንዲያስኬደው ለመንኩት። ልቤ አላረፈም። የስም ፍለጋው ቴስት ወደቀ።

እዚህ እኔ ጋ ሁሉም አልፎ ነበር። ለምን እንዳለፈም አውቃለሁ። ቢልድ በተደረገበት ፎልደር ውስጥ ሜክ ቼክ በሚለው ትእዛዝ ቴስቱ ሲሄድ፣ ሊብቱል የተባለው መሣሪያ ከፕሮግራሙ ፊት ትንሽ ስክሪፕት ያቆማል። ስክሪፕቷ ገና ወደ ሲስተሙ ያልገባውን አዲሱን ላይብረሪ ከጓዳው አውጥታ ለፕሮግራሙ ታቀርብለታለች። እኛ ቤት እስካለ ድረስ እጁ ተይዞ ነው የሚሄደው። ተጭኖ ሌላ ማሽን ላይ ብቻውን ሲቆም ነው ማንን እንደሚያገኝ የሚታወቀው። ለዚህ ነው ቢልዱ ውስጥ ያለፈ ቴስት ለእኔ ግማሽ ቴስት የሚሆነው፤ ተጭኖ እንደገና መፈተን አለበት።

የወደቀው ቴስት «ሀሰን» ተብሎ ሲፈለግ «ሐሰን»ን ማግኘት የነበረበት ነው። አዲሱ ላይብረሪ ሀን፣ ሐን፣ ኀን አንድ አድርጎ ያያል፤ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐንም እንዲሁ። ይህንን የሠራነው ለጌጥ አይደለም። ሠይድና ሰይድ፣ ኃይሌና ሀይሌ በሞላበት አገር አንዱ ጸሐፊ በአንዱ ፊደል ይመዘግባል፣ ሌላው በሌላው ይፈልጋል። አንዲት እናት ከኩታበር ድረስ መጥታ የልጇን ስም ስታስፈልግ «የለም» ተብላ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙ ነበር። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ በሌላው ሐ ተጽፎ ነበር። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሥራው የተጀመረውም ከዚያ ነው።

«ኤልዲዲ በለውና የሚያወጣውን ላክልኝ» አልኩት። ላከው። ፕሮግራሙ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች ከነተገኙበት ቦታ ተደርድረዋል፤ የእኛው የስም ላይብረሪ ከዩዝር ሎካል መምጣቱ ቀርቶ፣ ከልጁ በፊት በማሽኑ ይሠራ ከነበረ ሰው የቆየ ፎልደር ነው የመጣው። ሰውየው ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ለራሱ ሥራ ባሽ አርሲ ውስጥ፣ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው ፋይል፣ ጽፎት ሄዷል። ያ ቫሪያብል ደግሞ ከኤልዲኮንፊግ መዝገብ ይቀድማል። በመጀመሪያ የለም የተባለው አዲሱ የማተሚያ ላይብረሪ ነው፤ እሱ አሮጌ ስለሌለው ጮኸ። የስሙ ላይብረሪ ግን አሮጌ አቻ ስላለው አልጮኸም። የኤስኦ ስማቸው፣ ሎደሩ የሚፈልጋቸው ስም፣ አንድ ነው፤ የጥሪው ዓይነት እስካልተለወጠ ድረስ በስሙ ጫፍ ያለው ቁጥር አይቀየርምና። አሮጌው በአዲሱ ስም አቤት አለ፣ በአሮጌው ልማዱም መለሰ።

የለም ብሎ የሚቆም ኤረር ቸር ነው። ቢያንስ ይነግርሃል። አለሁ ብሎ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ነው የሚያስፈራኝ። ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ለአንድ ትእዛዝ ብቻ፣ ለሙከራ፣ ከፊቱ ጽፎ ማስኬድ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። በቋሚነት ጽፎ ትቶ መሄድ ግን ከኋላ ለሚመጣው ሰው ወጥመድ ነው። ልጁ መስመሩን አጠፋው፣ አዲስ ተርሚናል ከፈተ፣ ቴስቱ አለፈ። «አብሽሪ!» ብሎኝ ዘጋ።

ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ግን ያንን ዝርዝር ማንበቤን መተው አቃተኝ።

እኔ የጠራሁት ጥቂት ነው። ዝርዝሩ ግን ስክሪኑን ሞልቶታል። ፊደላችንን ወረቀት ላይ የሚያሰፍርልኝን ሃርፍባዝን ጠራሁ፤ ሃርፍባዝ ፍሪታይፕንና ጂሊብን ጠራ፤ ፍሪታይፕ የፒኤንጂውን ጠራ፤ የፒኤንጂው ዚሊብን ጠራ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ነው ማን እንደሚጠብቀው የማውቀው? በየቀኑ እሠራባቸዋለሁ፣ ስማቸውን እንኳ የማነበው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው።

የ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) ነገር ትዝ አለኝ። ኤክስዚ የሚባል ፋይል ማመቂያ አለ፣ ላይብረሪው ሊብኤልዚኤምኤ ይባላል። ለዓመታት አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ነበር የሚጠብቀው። ሰውየው ደክሞት ነበር፤ ይህንንም ደብቆ አልያዘም፣ ተናግሯል። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ አንድ አጋዥ መጣ፣ ሲሠራ ቆየ፣ ታመነ፣ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥን ውስጥ የኋላ በር፣ ስውር መግቢያ፣ አስገባበት። ዒላማው ከሩቅ ወደ ሰርቨር የምንገባበት ኤስኤስኤች ነበር። ኤስኤስኤች ራሱ ሊብኤልዚኤምኤን አይጠራም እኮ! አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ሊብሲስተምዲ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ጨመሩለት፣ ሊብሲስተምዲ ያንን ጠራ፤ በዚያ ሰንሰለት ነው የገባው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለዘገየበት ነገሩን ተከትሎ ደረሰበት፤ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ለዓለም ተናገረ። ግማሽ ሴኮንድ! ሌላው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር።

ታዲያ ሁሉም የራሱን ይያዝ ወይ? ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ ጠቅልሎ መስፋት ይቻላል፤ ያኔ «አልተገኘም» የሚባል ነገር አይኖርም፣ ከማንም አትለምንም። ጓደኞቼ አሁን አሁን ወደዚያ ነው የሚያዘነብሉት። እኔ ደስ አይለኝም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በኢንተርኔት የሚላከውን በሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ የጋራውን የሚጠሩት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ተቀይሮላቸው እንደገና ሲነሱ ዳኑ፤ ለየብቻ የሰፉት አንድ በአንድ እንደገና ቢልድ መደረግ ነበረባቸው። የጋራ የሆነ ነገር አንዴ ሲታከም ለሁሉም ይታከማል። አንዴ ሲመረዝም እንደዚያው።

ይህንን እያሰብኩ የእማዬ ሰፈር ቅሬ፣ እድሩ፣ መጣብኝ። አባዬ ያረፈ ሌሊት ገና ሳይነጋ ድንኳኑ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ማን እንደከፈተው፣ ማን እንደተሸከመው አልጠየቅኩም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ይህን አይጠይቅም። በኋላ ነው ጋሽ ሰ. መሆናቸውን ያወቅኩት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እሳቸው ኪስ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ስኒ ልመልስ ገብቼ አይቻለሁ፦ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ቅሬ ስለሆነ የሥጋው ድስት በሁለት መደርደሪያ ተለይቶ ይቀመጣል፣ የሳህኑ ቂጥ በቀይ ቀለም ተነቅሷል፣ አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ሰ. ስኒዎቹን በጣታቸው እየነካኩ ቆጠሩ፣ አንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ «ይቺ ተሰንጥቃለች፣ ሰው እንዳታቃጥል» ብለው ለብቻ አስቀመጧት። ጆሮው የላላውን ድስት ሳያዩ ያውቁታል።

ስማቸው የሚነሳው ግን ማንኪያ ሲጎድል ነው።

እማዬ ሰሞኑን ቡና ላይ ነገረችኝ። «ደከሙ እኮ ልጄ፣ ዓይናቸውም እንቢ ብሏል። በስብሰባው ‹ቁልፉን ተረከቡኝ› ቢሉ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።» በመጨረሻ እጁን ያወጣው በቅርቡ ሰፈሩ ውስጥ የተከራየ ወጣት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ «የማን ልጅ ነው?» እያሉ ነገሩን አሳደሩት። አልፈርድባቸውም፤ የኤክስዚውን ታሪክ እያወቅኩ እንዴት ልፍረድ? በወጣቱም አልፈርድም፤ ሸክም ላንሳ ያለን ሰው በጥርጣሬ ማየት ያሳፍራል። ድንኳንና ሳህን የሚያከራዩ ቤቶች በዝተዋልና «ቅሬው ገንዘብ ይስጠን እንጂ ዕቃው ይቅር» የሚሉም አሉ። ይህን ስሰማ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይጨመቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትኛው አከራይ ነው በሩን የሚከፍትልህ?

«አንቺስ?» አለችኝ እማዬ፣ በረካውን እየቀዳች።

እስካሁን አልመለስኩላትም። ግማሹን ሳምንት ኮምቦልቻ ነኝ፤ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ሌሊት ሰው ቢያርፍስ? ሁለት ሰው በሁለት ቁልፍ ቢይዘው፣ እኔና ያ ወጣት፣ አንዳችን የአንዳችንን ቆጠራ እያየን? ቅሬው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ጋሽ ሰ. ራሳቸው እሺ ይሉ ይሆን፣ ወይስ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻቸውን የተሸከሙትን ለሁለት መክፈል ይከብዳቸው ይሆን?