ለሕክምና ዕርዳታ ከመላኬ በፊት የማጣራው

አዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቆዬ ፈጬ ታክሲ መያዣ አካባቢ፣ ለታማሚ ገንዘብ የሚለምን ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሲቆም፣ ከባነሩ ላይ ቀድሜ የማየው ፎቶውን ሳይሆን የሒሳብ ቁጥሩን ነው። የታማሚ ፎቶ ከቲክቶክ ማንም ያወርዳል። እውነተኛውን ልመና ቀድቶ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይርም አለ።

የባለሒሳቡን ስም የሚነግረኝ ባንኩ ነው። በንግድ ባንክ መተግበሪያ ቁጥሩን ሳስገባ፣ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት ስሙ ይመጣል፤ ቴሌብርም የተቀባዩን ስም ያሳያል። ስሙ ከታማሚው፣ ከወላጁ ወይም ለልመናው ከወረዳ በተጻፈው ደብዳቤ ከተጠቀሱት አስተባባሪዎች ካልገጠመ አልልክም። «የአጎቱ ልጅ ነው» ቢሉኝም አይበቃኝም። የምመርጠው በሁለት ወይም በሦስት ሰው ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው፤ አንዱ ብቻውን አያወጣውም።

የወረዳ ደብዳቤ ላይ ብዙ አልደገፍም። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ላሚኔት ከሆነ ማኅተሙ እውነተኛ ይሁን የተለጠፈ አይለይም። ቀኑንና የደብዳቤ ቁጥሩን ጽፌ ይዤ ደብዳቤውን የጻፈውን መሥሪያ ቤት እጠይቃለሁ፤ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ግን አልደውልም፣ የአጭበርባሪው ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እድር ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ሰዉ ከየሰፈሩ ስለመጣ ጎረቤት ጎረቤቱን ላያውቅ ይችላል፤ ብዙው ሰው ግን የድሮ ሰፈሩን እድር አልለቀቀም። «የየትኛው እድር አባል ነው?» ብዬ ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን አገኛለሁ። በእውነት የታመመ ሰው ቤተሰብ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። «አሁኑኑ ካልላክህ ይሞታል» ብሎ ማጣሪያ ጊዜ የሚከለክል ግን ያሳስበኛል።

ድርጅት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠውን የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የኦዲት ሪፖርቱን እጠይቃለሁ። የእነዚህ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚል፣ ሪፖርቱ ላይ የማየው እሱን ነው። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት የጎፈንድሚ ሊንክ ሲደርሰኝ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ገንዘብ ተቀባይ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ኢትዮጵያ ባንክ አይገባም።

ጉዳዩ የሚያስቸኩል ከሆነ የታማሚውን የሆስፒታል ካርድ ቁጥር ተቀብሎ ሆስፒታሉ ካሸር ላይ መክፈልና ደረሰኙን በታማሚው ስም ማስቆረጥ ይቻላል። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ወዲያው ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127 መደወል ነው፤ ተቀባዩ ገንዘቡን በጥሬው ካወጣው ማስመለስ በጣም ይከብዳል።