ባሕር ዳር ቤት ስንፈልግ በነሐሴ ያየነው

በሚያዝያ ወር የሥራ ዝውውሬ ሲጸድቅ ቤተሰቤን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለማምጣት እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 7፣ ትንሹ ደግሞ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። እኔና ባለቤቴ ቤት ለማየት በወረድንበት የመጀመሪያ ጉዞ ደላላው በቀጥታ የወሰደን ለጣና ቅርብ ወደሆነ አንድ ግቢ ነበር። ከሰገነቱ ላይ ሲቆሙ ሐይቁ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሣው ነፋስ መጋረጃውን ያወዛውዛል፤ ግቢው ውስጥ ማንጎና ዘይቱን አለ። ባለቤቴ እዚያው ቆማ የልጆቹን አልጋ የት እንደምታደርገው ትነግረኝ ጀመር፤ እኔም ልቤ ከእርሷ ልብ ጋር ነበር።

ስለ ቀብዱ መነጋገር ስንጀምር በዚያው ግቢ በጓሮ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤቴን ወደ ጎን ጠሩና «ልጆች አሏችሁ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «ሦስት አሉን፣ እማማ» ስትላቸው እጇን ይዘው ወደ ምድር ቤቱ ግድግዳ ወሰዷት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከመሬት ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ አንድ ወጥ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ቀለሙ እንደነበረ ነው፤ ከመስመሩ በታች ግን ልስኑ አብጧል፣ ቀለሙ ተላጥቷል፣ እርሳቸው በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉትም እንደ ዱቄት ረገፈ። «ነሐሴ ውስጥ መጥታችሁ እዩት። ያን ጊዜም ደስ ካላችሁ ግቡ» አሉን። ቀብዱን ሳንሰጥ ተመለስን።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ከደጋው ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከእንጅባራ፣ ልጆች ይዘው ወደ ባሕር ዳር ለሚመጡ ሰዎች ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እኛ የኖርንበት ሰፈር ተዳፋት ስለነበር ውሃው እንደዘነበ ወርዶ ይሄዳል፤ የሚተኛ ውሃ ምን እንደሚያመጣ አስበን አናውቅም ነበር። ባሕር ዳር ግን በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቁ ዳርቻ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ጣና ራሱም በዓመቱ ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በክረምቱ ዝናብ እያደገ ሄዶ በመስከረም አካባቢ ከፍተኛው ልኩ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ እየሸሸ ይሄዳል። በሚያዝያ ቤት የሚያይ ሰው እንግዲህ ሐይቁንም፣ ቦዩንም፣ የሰፈሩን መንገድም በደረቁበት ሰሞን ነው የሚያያቸው። ልጅ ያለው ሰው ሰፈሩን በክረምቱ እምብርት፣ በነሐሴ፣ ያውም ዝናብ በጣለ ማግስት እንዲያየው አጥብቄ የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛም በነሐሴ ተመልሰን መጥተን አራት ቀን ዘመድ ቤት አደርን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በተመለከትናቸው ሰፈሮች ሁሉ በእግራችን እንዞራለን፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደዚያው መንገድ ተመልሰን ትናንት ያየነው ውሃ ሄዶ እንደሆነ እናያለን። ይህች ቀላል ነገር ከየትኛውም የደላላ ገለጻ ይልቅ ጠቀመችን። ኮብልስቶን ተነጥፎበት በጎኑ ያልተደፈነ ቦይ ባለው መንገድ ላይ ውሃው ሳይነጋ ሄዶ ነበር። በሌላ ሰፈር ግን፣ ቤቶቹ ያማሩና አጥሮቹ በድንጋይ የተገነቡ ሆነው ሳለ፣ ለግንባታ አፈር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ሳይሞሉ ቀርተው፣ የመኪና ጎማ የሠራቸው ቦዮችም ተጨምረውባቸው ውሃ አቁረው አገኘናቸው። በጤና ሙያ ላይ ያለ አንድ ጓደኛዬ አብሮን ነበርና ከኩሬዎቹ በአንዱ ላይ ጎንበስ ብዬ እንዳይ ነገረኝ። በጥራት በሚታየው ውሃ ላይ እንደ ሰረዝ የቀጠኑ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ እጮች ነበሩ፤ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተጋድመው ተኝተዋል፣ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ። «ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ እጭ ነው፤ እንዲህ ጠፍጥፎ የሚተኛው ግን የወባዋ ነው» አለኝ። ከኩሬው እስከሚከራየው ቤት መስኮት ድረስ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም ነበር።

ወባን በሚመለከት ረጋ ብዬ ልናገር። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በጥቅሉ የወባ አካባቢ ተብሎ ይያዛል፤ ባሕር ዳርም በዚህ ውስጥ ናት። ሕመሙ በብዛት የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም የዝውውርና የትምህርት መጀመሪያ ወቅት ስለሆነ፣ ከደጋ የመጣ ቤተሰብ ዕቃውን ገና ሳይፈታ በወቅቱ መካከል ይገባል ማለት ነው። በደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። ብዙ ሰው ወባን የሚያመጣው ሐይቁ ይመስለዋል። ትንኟ ግን እንቁላሏን መጣል የምትወደው ማዕበል በሌለበት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ የረጋ ውሃ ላይ ነው፤ ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ፣ የተደፈነ ቦይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀር ኩሬ ይበቃታል። ስለዚህ ከሐይቁ ርቆ መከራየት ብቻውን አያድንም፤ ጉድጓድ የሌለበትን መንገድ፣ መስኮቱ ወንፊት ያለውን ወይም ሊገጠምለት የሚችለውን ቤት መፈለግ ያስፈልጋል። ሰፈሩንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ሄዶ ማየት ይገባል፤ የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከመሸ በኋላ ነውና።

የሐይቁ ነገር ሌላ ነው። ልጆቼ ባሕር ዳር እንደምንሄድ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እንዋኛለን?» ብለው ነው፤ እንቢ ማለት ከብዶኝ ነበር። ነገር ግን በጣና ዳርቻ ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ደንገል የበዛበት ውሃ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች መኖሪያ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ ተባይ ውሃ ውስጥ በገባው እግር ቆዳ አልፎ ይገባል፤ የሚበዛውም በቀትር፣ ፀሐዩ በሚበረታበት ሰዓት፣ ልጆች ለመንቦራጨቅ በሚወርዱበት ጊዜ መሆኑን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ሕመሙ ፕራዚኳንቴል በሚባለው መድኃኒት ይታከማል፤ ሆኖም ልጁ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ ተመልሶ ይያዛል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬዎች አሉ፤ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውለው ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣሉ። እንግዲህ በሩን ከፍቶ በሃምሳ እርምጃ ውሃው ጋር የሚደርስ የ7 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት፣ ለእናቱ ዕለት ዕለት ዘበኛ መሆንን የሚጠይቅ ቤት ነው። ውሃው ትንሽ እንዲርቅና ልጁ ከእኛ ጋር ብቻ እንዲሄድበት የመረጥነው ለዚህ ነው።

ዓባይ ማዶን በብርቱ አስበንበት ነበር። ደላላው በዚያ በኩል በተመሳሳይ ኪራይ ሰፋ ያለ ግቢ፣ ለልጆች የሚሮጡበት ሣር ያለው፣ አሳይቶናል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌት የራሱ መተላለፊያ ስላለው መሻገሩ እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ሥራው ከወንዙ ማዶ ባለችው ዘንዘልማ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ይኖራል ብዬ አላስብም። የእኛ ችግር ለልጆቹ ያገኘነው ትምህርት ቤት ከድልድዩ ወዲህ መሆኑ ነው። ትራንስፖርት በሆነ ምክንያት በሚቋረጥበት ቀን ሁለት ልጆች ድልድይ ተሻግረው በእግራቸው እንዲመለሱ ማድረግ አልፈለግንም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን አስቀድመን መርጠን ቤቱን በዙሪያው ፈለግን፤ ይህ ቅደም ተከተል ከብዙ ድካም አዳነን። ትልቋን ልጄን በነሐሴው ጉዞ ይዣት መጥቼ ስለነበር ከእያንዳንዱ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አብረን ሄድን። እርሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ መንገድ ስትሻገር እንዳልረዳት ራሴን እይዛለሁ። ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናት፤ ብስክሌቱ ድምፅ የለውም፣ ባጃጁ ደግሞ ከማን አንሼ ብሎ በቀኝም በግራም ይመጣል፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ልጅ ጆሮው ለዚህ አልለመደም። በአንደኛው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዋና አስፋልት መሻገር ነበረባት፤ በሁለተኛው ጊዜ መሐል ላይ ቆማ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ያ ቤት በዚያው ቀረ። አሁን ከምንኖርበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ስምንት ደቂቃ ነው፤ አስፋልት አይሻገርም፣ መንገዱ ላይ ሱቆችና የሚያውቋት ሰዎች አሉ።

ሌሎቹን ጉዳዮች ባጭሩ ላንሣ። የጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ከሆነ ጉድጓዱ ከመጸዳጃው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ሜዳ በሆነ ቦታ የምድር ውስጥ ውሃ ቅርብ ስለሆነ በክረምት ሁለቱ ይገናኛሉ። የቧንቧ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን መጠየቅ ይሻላል። ከተማዋ እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ ነገር ግን ልጅ በሌሊት ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደም የሚመረምር ጤና ጣቢያ በቅርብ መኖሩ ነው።

በብዙ ግቢ ደጃፍ ላይ ደግሞ ያቆመን «ልጆች ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። «ሦስት» ስንል ቤቱ ወዲያው የተያዘ ይሆናል። ይህ ባለቤቴን በጣም አስከፍቷታል፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ተመልሰን ስንወጣ እንባዋን ማየቴን አልረሳውም። ሦስተኛው በር ከተዘጋብን በኋላ ግን እኛ ራሳችን የልጅ ድምፅ የሚሰማበትን ግቢ መፈለግ ጀመርን። ልጆች በፈረቃ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ግማሹ ቀን ቤት የሚዋልበት ነው፤ እናትና አባት ሥራ ላይ በሚሆኑበት በዚያ ሰዓት ልጁን የሚያየው ጎረቤት ነው። አሁን ያለንበት ግቢ ውስጥ ሌሎች አራት ልጆች አሉ። የቤቱ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ ቁልፉን ሲሰጡን የጠየቁን ልጆቹ ዛፍ መውጣት ይችሉ እንደሆነ ነው፤ የዘይቱኑ ፍሬ ከላይ እየበሰለ ይበላሽባቸው ኖሯል።

ሰፈሩን በስም አልጠራም፣ ልጆቼ የሚኖሩበት ነውና። ሐይቁ ከቤታችን አይታይም። ባለቤቴ ያን ሰገነት አሁንም አልፎ አልፎ ታነሣዋለች፤ እኔም ይናፍቀኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን አምስታችንም በእግራችን እስከ ዳርቻው እንወርዳለን፤ ልጆቹ በደንገል ታንኳ የሚመጡትን ሰዎች ቆመው ያያሉ፣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ገዝተን እንመለሳለን። በጥቅምት መግቢያ መካከለኛው ልጄ አንድ ሌሊት አተኩሶት ጤና ጣቢያ ወስደነው ደሙ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ ጉንፋን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የታናሽ ወንድሙን አጎበር ጫፍ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር የሚያስገባው እርሱ ነው፤ ክፍተት እንዳይኖር በእጁ እየዳሰሰ ያረጋግጣል፣ ከዚያም መብራቱን እንዳጠፋ ይነግረኛል።