ለጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ተጠሪ አይበቃም
ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቤተሰብ ውይይት ስናስጀምር አንድ የቤተሰብ ተጠሪ እንደማይበቃ ቀድሞ የነገረን አልነበረም። ቀላሉን ልለፈው፦ ታካሚው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪሙና ነርሷ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ስልክ ይጠፋል። ሊያዩት ከመግባታቸው በፊት አፉ ውስጥ ቱቦ እንዳለ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት እንደሚሰጠው፣ እጁም የታሰረው ቱቦውን እንዳይነቅል መሆኑ ይነገራቸዋል። አስተዳደሩ «ክፍል የለም» ብሎን የአሮጌ ወንበር ማከማቻውን ለምነን ወሰድን።

ያስቸገረን ተጠሪው፣ ማለትም ከሐኪሙ ሰምቶ ለቤተሰቡ የሚያደርሰው ሰው ነው። መመሪያው አንድ ሰው ያዙ ይላል። የሚፈርመው ታዲያ ፊደል የቆጠረው ልጅ ነው፤ እሱም እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ከሰማው ግማሹን ያስቀራል። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ በሚነገርበት አገር አንድ ወጣት ክፉ ወሬ ተሸክሞ ግቢ ውስጥ ወዳደሩት ዘመዶቹ እንዲመለስ መላክ ምን ይሉታል? ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙን ልጁ ያውቃል፤ ያልሰማው አጎት ማታ መጥቶ «ጠበል ልውሰደው» ይላል፤ ጭቅጭቁ ተረኛው ሐኪም ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለት ሰው ያዙ፦ ከግቢው የማይጠፋ አስታማሚና ቃሉ የሚሰማ ሰው። ሁለተኛውን ለማግኘት «የቅርብ ዘመዱ ማን ነው?» አትበሉ፤ «ነገር ሲከብዳችሁ ማንን ታማክራላችሁ?» በሉ። የንስሐ አባት ከሆኑም ይምጡ። ውይይቱ ሲያበቃ «ለቤት ሰዎች ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ያልገባቸው እዚያ ላይ ይታያል። የተባለውን፣ ለማን እንደተባለና ቀጣዩን ቀጠሮ ከካርዱ ፊት ባለ ወረቀት ጻፉ፤ የማታው ሐኪም እሱን ሳያነብ አፉን አይክፈት።

የመድኃኒት ማዘዣ ውይይቱ ላይ አትስጡ። ወረቀቱ እጃቸው ከገባ ሐሳባቸው ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሌላ ቃል አይሰሙም። ነርሷ ቆይታ ትስጥ።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው፣ በ22 የፈረንሳይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሊሞቱ በተቃረቡ ታካሚዎች ቤተሰቦች ላይ በተደረገው ጥናት፣ የተሻሻለው ውይይት ከ20 ደቂቃ ወደ 30 ነው የረዘመው። ቤተሰቡ የሚናገርበት ጊዜ ግን ከ5 ወደ 14 ደቂቃ አደገ፤ ከ90 ቀን በኋላም ጭንቀትና ድባቴ ቀንሶ ተገኘ። የተጨመረው ጊዜ ለቤተሰቡ ነው የዋለው፤ ሐኪሙ ዝም ማለት ይልመድ።

ፎርሙ ዛሬም ለተጠሪ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ይለወጥ ብለን ጽፈን መልስ አላገኘንም፤ ሁለተኛውን ስም ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፋለን።