ካልቸሩ ፖዘቲቭ ነው ተባለና…

የህፃናት ዋርድ ነርስ ነኝ። ድምፅ ሳጥኑ ላይ ፓፒሎማ በቅሎበት (ያው ኪንታሮት በሉት፣ የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ ዓይነት 6 እና 11) አንገቱ ላይ ትራኪዮስቶሚ (በቱቦ የሚተነፍስበት ቀዳዳ) የተሠራለት ልጅ ነበረን። አክታው በበዛ ቁጥር ይመጣል፣ ካልቸር (ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ይላካል፣ ፕሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይበቅላል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመራል፣ ሻል ይለውና ይወጣል፣ ደሞ ይመለሳል። የመጨረሻው ውጤት ላይ ለሴፍታዚዲምም ለሲፕሮም ሬዚስታንት ነው (መድሃኒቶቹ አይሠሩበትም)፣ የቀረው ሜሮፔነም የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው።

ራውንድ ላይ (ሐኪሞች ታካሚዎቹን እየዞሩ ሲያዩ) ሁሉም ሜሮፔነም ይጀመር ሲል የኢኤንቲዋ (የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ሬዚደንት ሐኪም "ቆይ፣ ትኩሳት አለው?" አለች። የለውም። ኦክስጅንም አልፈለገም፣ ኤክስሬዩም ንፁህ ነው። "እሺ ቱቦው መቼ ነው የተቀየረው?" ፋይሉን ብናገላብጥ የተፃፈ ነገር የለም!

አንድ ቁጥር የሚያንስ ትርፍ ቱቦም አጠገቧ አስቀምጣ እዚያው ቀየረችው። ወይ ጉድ፣ የአሮጌው ውስጡ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሷል፣ ውሃ የከረመበት ጄሪካን ውስጡን በጣት ስትነኩት የሚያሙለጨልጨው ዓይነት። ባዮፊልም ማለት ይሄ ነው አለችን፣ ባክቴሪያዎቹ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው ያንን ልጋግ ይሠሩና ከሥሩ ይኖራሉ፣ መድሃኒቱ እንደልቡ አይገባም፣ ቢገባም ውስጥ ያሉት ብዙም ስለማይባዙ ብዙ አይጎዳቸውም፣ እኛ ደሞ በላይ በላዩ ስንሰጥ ደካማው እያለቀ ጠንካራው ይቀራል። የህፃናት ቱቦ አብዛኛው አውጥተው የሚያጥቡት የውስጥ ቱቦ የለውም፣ ሙሉውን መቀየር ነው። ከአሮጌ ቱቦ የተወሰደ ካልቸር ደሞ የቱቦውን ግድግዳ እንጂ ሳንባውን ላያሳይ ይችላል።

በአዲሱ ቱቦ ናሙና ተወሰደ፣ ፕሱዶሞናስ አሁንም በቀለ (ትራኪዮስቶሚ ያለው ልጅ ላይ አንድ ነገር አለመብቀሉ ነው የሚገርመው)፣ ልጁ ግን አክታው ቀንሶ እየተጫወተ ነው። ሜሮፔነሙ ቀረ።

ከእናትየው ጋር ስናወራ ደሞ የሳክሽን ካቴተሩን (አክታ የሚመጠጥበትን ቀጭን ቱቦ) ቀኑን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እየነከረች እንደምትጠቀም ነገረችኝ፣ በየጊዜው አዲስ መግዛቱ ከብዷት ነው። ፕሱዶሞናስ ደሞ እንደቆመ ውሃ የሚወደው የለም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በየሳክሽኑ አዲስ፣ ከዛ ካቴተሩን አድርቆ ንፁህ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ብዬ አሳየኋት። ሁሉንም አዳምጣ ስትጨርስ "ሲስተርዬ፣ እና መርፌ ሳይወጋ ልታሰናብቱት ነው?" አለችኝ። እሱን ማስረዳቱ ከራውንዱ በላይ ፈጀ።