ትኬቴን የለጠፍኩ ዕለት

ባለፈው ገና ሰሞን አንድ ነገር ወሰንኩ። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥምቀት ማግሥት በየሳምንቱ እማዬንና ታናሽ ወንድሜን ይዤ እወጣለሁ። ቲያትር፣ ፊልም፣ ኮንሰርት፣ ያገኘነውን። እማዬ ከቤት የምትወጣው ለቤተክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆኖ ነበር። በጠቅላላው አራት ጊዜ ወጣን። ሦስቱ ደስ ብሎን አለፈ። አንዱ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ደህናውን ላውራ። ብሔራዊ ቲያትር ስትሄዱ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። እያንዳንዱ ቲያትር የራሱ ቀን አለው፤ በቀኑ ካልሄዳችሁ የምታዩት ሌላ ነው። እኛ የሄድነው በሥራ ቀን ነው፣ ሰልፍም አልነበረም። እማዬን አንበሳው ሐውልት ሥር ፎቶ አነሣኋት። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ 25ኛ የንግሥ በዓል እንደተመረቀ ላስረዳት ስጀምር "አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? አባትሽ መጀመሪያ የጋበዘኝ እዚህ ነው" አለች። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቲያትሩን ትቼ እሷን ሳይ አመሸሁ።

ፊልሙን አምባሳደር አየነው። ስለ ፊልሙ ብዙም የምለው የለኝም። እማዬ ግን አያቷ ሲኒማ ቤትን "ሰይጣን ቤት" ይሉት እንደነበር እየነገረችን አሳቀችን። ቀልድ አይደለም፤ የከተማዋን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሰዉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር።

አሁን ወደ ኮንሰርቱ።

እማዬ በጾም ዘፈን አትሰማም። ስለዚህ ያገኘሁት ቀን የገና ዕለት ማታ ብቻ ነበር። ሦስት ትኬት በቴሌብር ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱ 1,500 ብር። ወዲያው ሦስት ኮዶች ስልኬ ላይ መጡልኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ምን እንዳደረግኩ ቆይቼ እናገራለሁ።

ማስታወቂያው "በር ከ10 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ በጊዜ ይገኙ" ይላል። ሳቅኩ። የአዲስ አበባን ኮንሰርት የማያውቅ ማን አለ? 12 ሰዓት ካሉ ዋናው ዘፋኝ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት መድረክ አይወጣም። እናቴን በታኅሣሥ ብርድ ምን ላድርጋት ብዬ ዶሮአችንን በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። እማዬ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች።

ፍተሻው አለፈ። በሩ ላይ አንድ ልጅ ስልኬን አየ። የመጀመሪያው ኮድ አረንጓዴ አበራ። ሁለተኛው ቀይ። ሦስተኛው ቀይ።

"ገብቷል" አለኝ።

"ማን?"

"ትኬቱ።"

"ትኬቱማ እጄ ላይ ነው!"

"እህቴ፣ ሲስተሙ ገብቷል ነው የሚለው። እዚያ ጠረጴዛው ጋ ጠይቂ።"

ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ልጅ ወደ ድንኳኑ ላከችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ "እኛ የምንሸጠው የበር ትኬት ነው፣ የኦንላይኑን አናውቅም፣ በዚህ ደውይ" ብሎ ቁጥር ሰጠኝ። ደወልኩ። አይነሳም። እንደገና ወደ ጠረጴዛው። ልጅቷ የለችም። ወደ በሩ ስመለስ ልጁ "አስተባባሪውን ጠብቂ" አለ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። አንዱ ጥበቃ አዘነላትና "እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ" ብሎ የራሱን ወንበር ሰጣት። በዚያ ሌሊት ሥራውን በትክክል የሠራ እሱ ብቻ ነው።

አስተባባሪው ሬዲዮ ይዞ መጣ። ፊቴን እንኳ አላየም። "ኮዱን ለሰው አሳይተሻል?"

"በፍጹም!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "እናንተ ናችሁ አንዱን ትኬት ለሁለት ሰው የምትሸጡት!" ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎችም "እውነቷን ነው!" አሉ። ልቤ ሞላ። ስለ ሸማቾች መብትም ትንሽ ሳልናገር አልቀረሁም።

ያኔ ወንድሜ ክንዴን ነካ አድርጎ "ስቶሪሽ ላይ ለጥፈሽው የለ?" አለኝ።

ለጥፌዋለሁ። የቆረጥኩ ዕለት "ገና ከእማዬ ጋር!" ብዬ፣ ከልብ ምልክት ጋር። አንዱን ኮድ የልቡ ምልክት ሸፍኖታል። አረንጓዴ ያበራው እሱ ነው። ሁለቱ ፍንትው ብለው ይታያሉ።

አስተባባሪው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ያልለቀቀችኝ። ኮዶቹ የገቡት 11 ሰዓት አካባቢ መሆኑንም አሳየኝ። በማስታወቂያው ሰዓት ብንሄድ ኖሮ ሌቦቹን እንቀድማቸው ነበር። የበር ትኬቱ 2,500 ብር ሆኗል። ለሁለት ሰው ልከፍል ስል እማዬ እጄን ያዘች። "ለእልህ ብር አይከፈልም። ልጁ ይግባ።"

ወንድሜ ገባ። እኛ ታክሲ እስኪመጣ አጥሩ ሥር ቆምን። የባሱ ድምፅ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዜማው ግን አይሰማም። ወንድሜ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ደውሎ "ዘፋኙ ገና አሁን መድረክ ወጣ" አለኝ። እኔ አልጋ ውስጥ ነበርኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ኮድ ያለበትን ትኬት ለማንም አታሳዩ፣ ለዘመድ ግሩፕም ቢሆን። አዘጋጆቹ "በጊዜ ይገኙ" ሲሉ ዝግጅቱ በጊዜ ይጀመራል ማለት አይደለም፤ እናንተ ግን ከቤተሰቡ ወጣቱን ትኬቱን አስይዛችሁ ቀድማችሁ አስገቡት። ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ ደግሞ እንዲህ ያለውን ኮንሰርት ጭራሽ ተዉት። ለሦስታችን የከፈልኩት 4,500 ብር ስንት ቲያትር ያሳየን ነበር!

እኛም የመጨረሻውን ቀን ሀገር ፍቅር ሄድን። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤት ነው፤ ትኬቱ ወረቀት፣ ቆራጩም ሰው። ፒያሳ ብዙው ስለፈረሰ የለመድኩት መንገድ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ዞርን። የከተራ ዕለት ማታ ግን አትሞክሩት፤ መንገዱ ሁሉ ወደ ጃንሜዳ ነው። እኛ ከጥምቀት በኋላ ነው የሄድነው።

እማዬ ትኬቶቹን በመሐረቧ ቋጥራ እስከ በሩ ድረስ ራሷ ያዘቻቸው። አንዱን እንኳ ለእኔ አልሰጠችኝም።

ለኮንሰርቱ አዘጋጆች በቴሌግራም ጽፌላቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም፣ ስልክ አለማንሣት ግን የእናንተ ነው ብዬ። አንብበውታል፤ ሁለቱ ምልክት ይታያል። መልስ የለም።