ልኳንዳው ሲዘጋ

ዛሬ ከሰዓት የምንንከባከባቸውን የተጣሉ ውሾች ድስት ስከፍት ሩዝ ብቻ ነው ያለው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አጥንትና ሳንባ የሚሰጡን ልኳንዳ ቤቶች ዘግተዋል። 55 ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ከሆቴል የምናመጣው ቡሌም አሁን ሽሮና አልጫ ሆኗል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አንሰጣቸውም። ደረቅ እንጀራ በውሃ አርሰን ከሩዙ ጋር ቀላቀልንላቸው።

ቡቺ አልበላችም። ባለቤቶቿ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ በር ላይ ጥለዋት ነው የሄዱት። ሦስት ሳምንት ሆናት፤ አሁንም መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በእጄ አጎረስኳት። ሁለቴ ዋጠች፣ ከዚያ አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ቀብራ ዝም አለች። እዚያው አለቀስኩ።

"ሰው እየተራበ ለውሻ?" የሚሉኝ አሉ። ይገባኛል፣ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ግን እነዚህ እኮ በራችንን ሲጠብቁ ያደሩ ናቸው።

ነገ እንቁላል እገዛለሁ። 30 እንቁላል ለሁሉም አይደርስም፤ ለታመሙትና ለምታጠባዋ እናት ይሆናል። ቤታችሁ ሩዝ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።