በሳምንት ስድስት ቀን ሱሪ እሰፋለሁ

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሴት ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ወገብ አጠባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። እሑድና በዓል ደግሞ የቤተክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ሱሪ የለበሰች ሴት እመልስ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልታየኝም።

የተሰጠኝ ሥራ ማስተባበር ነው። ሰልፍ ማስያዝ፣ ጫማ የሚቀመጥበትን ማሳየት፣ አቅመ ደካማ መደገፍ። ከሁሉ የወደድኩት ግን መመለሱን ነበር። አንገቴ ላይ ባጅ አለ። እጄን ዘርጋ ሳደርግ ሰው ይቆማል። ሱቄ ውስጥ እኮ የሚቆጣው ደንበኛው ነው፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ የምል ነኝ። እሑድ ሲመጣ ሰው እሆናለሁ።

አንድ የሚካኤል ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች። ጥቁር ጂንስ፣ ነጭ ነጠላ። ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት የሱሪዋን ጠርዝ ነው። የቀኝ እግሩ ተተርትሮ በእጅ ተወስውሷል፤ በነጭ ክር፣ በችኮላ። «እህቴ፣ እንዲህ ሆነሽ አይገባም» አልኳት። «እሺ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። የአጥሩን ግንብ ተሳልማ ተመለሰች። እኔም ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ።

ማታ ለእህቴ ስነግራት ልጅቷን አወቀቻት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትሠራለች። ያን ቀን ከሥራ ወጥታ፣ ሚኒባሱ ዶሮ መዝለያን ወጥቶ ደሴ ሲያራግፋት ቤቷ ሳትገባ ነው በቀጥታ የመጣችው። እናቷ ታመው ነበር።

ደነገጥኩ። ለጥቂት ቀን ምግብ አልጣመኝም። አንዳንድ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ «ሳናውቅ አንፍረድ» ይልና ይሄዳል። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ምክንያት ባይኖራትስ? አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ አርፍዳ፣ ቀሚስ መፈለግ ሰንፋ ቢሆንስ? ያኔ መመለሴ ልክ ሊሆን ነው? ሰው የምንምረው ምስኪን ሆኖ ሲገኝ ብቻ ከሆነ መፍረዱን መች ተውነው? ዳኝነቱ እንዳለ ነው፤ ለዚህኛው መዝገብ ነጻ ብለን ፈረድን እንጂ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ነገርኳቸው። ግን እኮ፣ አልኩ፣ ሥርዓት አለ፣ ሴቶቹም ዘንድሮ ብሰዋል፣ እንዲህ ያደርጋሉ፣ እንዲያ ያደርጋሉ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ የማንን ኃጢአት ነው የምትናዘዝልኝ?» አሉኝ። ከዚያ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ስትመልሳቸው የምትጠቅሰውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው አሉ።

የምጠቅሰው ዘዳግም 22፥5 ነበር፤ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለውን። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከላዩና ከታቹ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ሱቄ ውስጥ፣ መጽሐፉን የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ስለ ጠፋ የሰው ንብረት ይናገራል። የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ብታገኝ መልስለት፤ አህያውንም፣ ልብሱንም እንዲሁ አድርግ ይላል። ልብሱንም! ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው እንዳይወድቅ ለጣራህ ዙሪያውን መከታ አብጅለት ይላል። ቁጥር 11 ላይ ሱፍና በፍታ የተቀላቀለበት ልብስ አትልበስ ይላል። እኔ የምሰፋው ጨርቅ እንዳለ ድብልቅ ነው። ፖሊስተር የሌለበት ሱፍ እጄ የገባው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አንድም ቀን በር ላይ ቆሜ የሰው ኮት ገልብጬ ገበሩን አላየሁም።

ስለ ብሉይ ሕግ ሊቃውንቱ የሚሉት ብዙ ነው፤ እኔ ትርጓሜ ልጽፍ አልተነሳሁም። የቤተክርስቲያን ሥርዓት ይቅር ማለቴም አይደለም፤ እናቴ ነጠላዋን ሳታጣፋ ደጅ አትሳለምም፣ እኔም ደስ ይለኛል። የከነከነኝ ከአንድ ምዕራፍ ውስጥ የመረጥኩት ቁጥር ነው። እኔን የማይነካውን ብቻ ነው የያዝኩት። የጠፋ ልብስ መልስ የሚለው ግን በቀጥታ መኪናዬ ስር ወዳለው ማዳበሪያ ነበር የሚሄደው።

ማዳበሪያው ምን መሰላችሁ? የደንበኛ ትርፍ ጨርቅ ነው። ሦስት ሜትር ያመጣል፣ ሁለት ተኩል ይበቃዋል፣ ቀሪው ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ደንበኛው ካልጠየቀ አይነገረውም። ተጠራቅሞ የሕፃን ቁምጣ፣ የትራስ ልብስ ይሆንና ይሸጣል። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ፤ ያውቁታልና።

ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን ነው። ሥጋና ወተት መተው ለምጄዋለሁ፣ ብዙም አይከብደኝም። ሌላ ነገር ልሞክር አልኩ። የትእዛዝ መቀበያ ደብተሬን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። በሰው ላይ በፈረድኩ ቁጥር፣ በአፌም ይሁን በልቤ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ስም አልጽፍም። ምን እንዳየሁና ምን እያደረግሁ እንደነበር ብቻ።

የመጀመሪያው ቀን ገና ቡና ሳይፈላ 11 ደረሰ። ጫት ይዞ ያለፈ ልጅ። ጥፍሯን ቀይ የቀባች ተማሪ። በጾም ማኪያቶ ያዘዘ ጎረምሳ። ልጇን ጡጦ ያጠባች እናት፤ እሱ እንኳን ምኔ ነው? አንዳንዱን ስጽፈው ራሴን አሳቀኝ።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩን አገላበጥኩ። አንደኛ፣ የፈረድኩባቸው ሰዎች ሴቶች፣ ልጆችና ድሆች ናቸው። አንድም ባለገንዘብ የለበትም። ቤት ኪራይ በየስድስት ወሩ የሚጨምሩብኝ ሰውዬ የሉበትም። ሚዛን የሚያጭበረብረው የበርበሬ ነጋዴ የለበትም፤ ማኅበር ላይ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ብዙዎቹ መስመሮች «ነገ ነይ» ካልኩ በኋላ የተጻፉ ናቸው። የልብስ ሰፊ ነገ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጨርቁ ገና አልተቆረጠም፣ እኔ ግን «አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» እላለሁ። ደንበኛዋ ተናዳ ትወጣለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መንገድ ላይ የማየው ሰው ሁሉ ባለጌ ይሆንብኛል። በደብተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሸቱ ቀድሞ፣ ፍርዱ ተከትሎ። ፍርዱ ሳፍር የምሸፈንበት ጨርቅ ነበር ማለት ነው።

የደብተሩን ነገር ለጎረቤታችን ነገርኳቸው። ሙስሊም ናቸው፣ እናቴን እንደ እህት ነው የሚያዩዋት። እናቴ ቤት መደርደሪያ ላይ የሳቸው ድስት አለ፤ የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ምኑም አይደንቅ። ቶናውን እየቀዱ ሰሙኝና «አይ ልጄ፣ አንተ እኮ ሥጋ አልጾምክም» አሉ። እንዴት? አልኩ። ሱረቱል ሑጁራትን ነገሩኝ፤ 49፥12። መጠራጠርን ተዉ፣ አትሰልሉ፣ አትተማሙ፤ የሞተ ወንድሙን ሥጋ መብላት የሚወድ አለ ወይ? ይላል። «እኛም ቤት ያው ነው፣ የኔ ማር» ቀጠሉ። አረብ አገር ያለው ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ ይልካል። ባለፈው ደግሞ ወዳጃ ተዪ፣ ቡናና እጣን ይዞ ዱዓ ማድረግ ሽርክ ነው ብሎ ድምፅ ላከላቸው። «ብሩንም ፈትዋውንም አንድ ላይ ላከው። ብሩን ተቀበልኩ።» በረካውን ጨመሩልኝ።

እዚህ ላይ የእህቴን ፌስታል ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ደብተሩን ስታይ ሳቀችብኝና የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች። ውስጡ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ቀሚስ። ሱሪዋ ላይ በር አካባቢ ትደርበዋለች፣ ስትወጣ ታወልቀዋለች። ጓደኞቿም እንዲሁ። «አንተ በምትቆምበት ቀን ሁላችንም እንይዛለን» አለችኝ። አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ ውጤት ያ ፌስታል ነው።

ወሎ ይህን ነገር ድሮ አይቶታል። ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ክርስትና ተነሱ፣ አለዚያ ሹመታችሁን ልቀቁ ተባሉ። ከሹማምንቱ አንዱ መሐመድ አሊ፣ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። እምቢ ብለው የሸፈቱ ነበሩ፣ አገር ጥለው የሄዱም ነበሩ። ብዙ ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። እኛ ቤት የአያቴን አባት ስም የሚጠራ ሰው በሁለት ስም ነው የሚጠራቸው፤ እንደ ሰዓቱ። የንጉሡን ትእዛዝና የኔን ባጅ አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ አይደለም። ግን ፌስታሉን ሳየው ትዝ ያለኝ ይሄው ነው። እኚሁ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያስገባል ለማለት ነው። በሩን በቀን ሁለቴ አልፈዋለሁ፤ ስሙን ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን ያን ሰሞን ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባጁን መለስኩ። ጫማ ቦታ ላይ ልቁም አልኩና ተፈቀደልኝ። እንዲህ ስናገር ተለውጬ ያለቅሁ እንዳይመስላችሁ። ወዲያው ሌላ በሽታ ያዘኝ። እዚያ በር ላይ የተተካውን ልጅ ባየሁት ቁጥር «ምን ዓይነት ግብዝ ነው» ማለት ጀመርኩ። ለሚሰማኝ ሁሉ እንዴት መፍረድ እንዳቆምኩ አወራለሁ። አንድ ቀን በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ ትዝ አለኝ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ፣ እንደዚህ ቀራጭ አይደለሁም የሚለው። እኔም እኮ ያንኑ ጸሎት ነው የምጸልየው፤ «እንደዚህ ፈሪሳዊ ስላላደረግኸኝ» ብዬ። ደብተሩን መልሼ አወጣሁ።

አለመፍረድ ዝምታ ነው ብዬም ተሳስቻለሁ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን ይመታል። በግድግዳው ይሰማል። ሁላችንም የባልና ሚስት ነገር ነው ብለን ቴሌቪዥን ድምፅ እንጨምራለን። የልጅቷን ጂንስ ከበር የመለስኩ ሰው እኮ ነኝ፣ እዚህ ጋ አፌ ተያዘ። አንድ ማታ ሄጄ በሩን አንኳኳሁና ክብሪት አለ? አልኩት። ፊቱ ቀልቷል። ክብሪት ሰጠኝ። ነገሩ ለዚያ ማታ ቆመ። በሌላ ቀን ሌላው ጎረቤት ጨው ሊጠይቅ ሄደ። ከዚያ ሽማግሌ ገባበት። አሁን እሷ እናቷ ዘንድ ሐይቅ ናት። ሰውዬውን ጋጠወጥ ብዬ ስሰድበው ብከርም ሚስቱን አያስጥላትም ነበር። ክብሪቱ ግን አንድ ማታ ጠቀመ።

ማዳበሪያውን አራግፌ የባለቤቱን የማስታውሰውን ትርፍ ጨርቅ መለስኩ። አንዷ ደንበኛ «ምን ሠርተኸኝ ነው?» ብላ የቀሚሷን ስፌት ዞራ ዞራ አየች። ሌላው ሰውዬ ጥላሸት የመሰለውን ቁራጭ ተቀብለው «ይሄ የኔ አይደለም፣ የኔ ይበልጥ ነበር» ብለው ተጣሉኝ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

ሰኔ ላይ ያቺ ልጅ ሱቄ መጣች። ጥቁሩ ጂንስ ነው፣ ጠርዙ ያው በነጭ ክር እንደተወሰወሰ። ዚፑ ተበላሽቶ ነው ያመጣችው። አየችኝ፣ ቆየች። «አንተ የበሩ ሰውዬ አይደለህም?» አለች። ነኝ አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልክ አልነበረም አልኳት። ቃሉን ብዙ ቀን ስለማመደው ነበር፤ ሲወጣ ግን ቶሎ አለቀ።

«ስንት ነው?» አለች።

«ለዚህ አላስከፍልም።»

«አይ፣ እከፍላለሁ። መቼ ልምጣ?»

ጠርዙንም አብሬ እሰፋዋለሁ፣ ሐሙስ ነይ አልኳት። ሐሙስ መጣች። ዚፑ አልተሠራም ነበር።